የማኩአ በር ሲከፈት፦ ከሃዋይ የጉዞ ማስታወሻ

አርብ፣ ሆኖሉሉ

ፐርል ሃርበር ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን 1941 ነው። የጃፓን አውሮፕላኖች፣ የሰጠመችው የጦር መርከብ አሪዞና፣ እሷ ላይ ብቻ ያለቁት 1,177 ሰዎች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ዛሬ ከሲያትል ተነስቼ ሆኖሉሉ ስገባ አውሮፕላኑ ያረፈው እዚያው ውሃ አጠገብ ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ከ1941 በፊት ያለው ታሪክ ነው።

የአገሬው ሰዎች ይህን ወደብ ፑኡሎአ ይሉታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚህ ውሃ ነው የበሉት። ዳርቻው ላይ በድንጋይ አጥር የተከለሉ ከሃያ በላይ የአሳ ኩሬዎች ነበሩ። ካአሁፓሃኡ የምትባል የሻርክ አምላክ ወደቡን ትጠብቃለች ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም የሚያምኑ አሉ። ባሕር ኃይሉ የመጀመሪያውን የመርከብ መጠገኛ ገንዳ መሥራት የጀመረው በ1909 ነው። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ «እዚህ አትቆፍሩ» ብለው አስጠንቅቀው ነበር ይባላል። በየካቲት 1913 ግንባታው ተደረመሰ። ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ በላው። መሐንዲሶቹ ከሥር የገፋው የውሃ ግፊት ነው አሉ። ሃዋይውያኑ ደግሞ ማንም ሳያስፈቅድ ስለተቆፈረ ነው ብለው እስከ ዛሬ ያወራሉ። ገንዳው ያለቀው በ1919 ነው።

ሆኖሉሉ ያለችበት ኦዋሁ ደሴት ላይ ጦሩ የሌለበት አቅጣጫ የለም ማለት ይቻላል። ባሕር ኃይሉ በደቡብ፣ ማሪኖቹ በምሥራቅ፣ ምድር ጦሩ በመሀልና በምዕራብ። በየአጥሩ ውስጥ የአሳ ኩሬ አለ፣ መቃብር አለ፣ የጸሎት ቦታ አለ። የእነዚህ ቦታዎች ልጆች ደግሞ የሚኖሩት ከአጥሩ ውጪ ነው። እኔ አገር ቤት እያለሁ ቅርስ ምዝገባ ላይ ሠርቻለሁ። የተመዘገበ ሁሉ የተጠበቀ እንዳልሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅርሱ ካምፕ ውስጥ፣ ሰዉ ካምፕ ውጪ ሲሆን ጥበቃው እንዴት እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው የመጣሁት። የጉዞዬ መጨረሻም ምድር ጦሩ ያጠረው የማኩአ ሸለቆ ነው።

ቅዳሜ፣ ፓአያው

ዛሬ ጭቃ ውስጥ ዋልኩ። ፓአያው ከፑኡሎአ ኩሬዎች ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። የሚገኘው የባሕር ኃይል ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሰፈር ጓሮ ነው። ስሜን ቀደም ብዬ አስመዝግቤ ስለነበር በሩ ላይ መታወቂያ አሳይቼ ገባሁ። ደጃፉ ላይ የልጆች ብስክሌት የተጋደመበት፣ ሣሩ የታጨደ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ ኩሬው ፊት ለፊት ይመጣል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። አንዲት ትልቅ ሴት በዜማ ቦታውን ፈቃድ ጠየቁ። ከዚያ በየተራ ስማችንንና ከየት እንደመጣን ተናገርን። እዚህ በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ አንቲ ወይም አንክል ነው የሚባለው፤ እኔም አንቲ ነው ያልኳቸው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስል «ሩቅ ነው» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ወዲያው ጓንት ሰጡኝና «በል ግባ» አሉኝ።

ዋናው ጠላት ማንግሮቭ ነው። ማንግሮቭ ሌላ አገር ባሕር ዳርን የሚጠብቅ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ሃዋይ ግን መጤ ነው፤ በ1902 ሞሎካይ ደሴት ላይ ጭቃ እንዲይዝ ተብሎ ተተከለ። ሥሩ በድንጋዮቹ መሀል እየገባ አጥሩን ይፈለቅቃል። ይህ ኩሬ ለዓመታት ከማንግሮቭ ጫካ ጀርባ ተሸፍኖ ነበር የኖረው። ባሕር ኃይሉና የሃዋይውያን ማኅበራት ተስማምተው መመንጠር ከጀመሩ አሥር ዓመት ገደማ ሆኗል። ትልልቆቹ ዛፎች ተቆርጠዋል። እኛ ጎንበስ ብለን ነቀላ የያዝነው ከእርሳስ የማይወፍረውን ችግኝ ነው። ካልተነቀለ በጥቂት ዓመት ተመልሶ ጫካ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት የአጥሩን አሠራር አሳየኝ። ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለም። ከውጭና ከውስጥ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ይደረደራል፣ መሀሉ በትንንሽ ድንጋይና በኮራል ስብርባሪ ይሞላል። ውሃ ሾልኮ ያልፋል፣ አጥሩ ግን አይንቀሳቀስም። በአንድ በኩል በእንጨት ፍርግርግ የተሠራ በር አለ። ትንንሹ አሳ በፍርግርጉ ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ሲበላ ይወፍራል። ከወፈረ በኋላ መውጣት አይችልም። ልጁ አንድ ድንጋይ አንስቶ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠው። «ፊቱን ፈልግለት» አለኝ። አዙሮ ሲያስቀምጠው ቅርቅር ብሎ ገባ። እኔ የሞከርኩት አልገጠመም፤ አውጥቶ ሌላ ሰጠኝ።

ከእኛ ጋር ባሕር ኃይሉ የቀጠራት አርኪዮሎጂስት ነበረች። እሷም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ነች። ከቦታው ላይ አንድ ድንጋይ ለማንሳት ወረቀት ያስፈልጋታል። ድንጋዩ የት መመለስ እንዳለበት ስትጠይቅ ግን የምትጠይቀው አንቲን ነው። ለእኔ የቀኑ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ባለሙያዋ ሕጉን ታውቃለች፣ አንቲ አጥሩን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይደማመጣሉ። ይህ በየካምፑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሰኞ፣ ሞካፑ

ዛሬ ያየሁት ከሩቅ ነው። ሞካፑ የማሪኖች ካምፕ ያለበት ምላስ መሬት ነው፤ እንደኔ ያለ ጎብኚ ዘው ብሎ አይገባም። ከመንገድ ዳር ቆሜ የኑኡፒያን ኩሬዎች አየሁ። እነሱም የጥንት የአሳ ኩሬዎች ናቸው። ዛሬ ረጅም ሮዝ እግር ያለው፣ በመጥፋት ላይ የሚገኘው የሃዋይ ወፍ መራቢያ ሆነዋል።

ማሪኖቹ እዚህ አንድ የሚገርም ልማድ ነበራቸው። ለብዙ ዓመታት ወፎቹ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ከባድ የውሃና የየብስ ተሽከርካሪዎቻቸውን ጭቃው ላይ ይነዱ ነበር። ሰንሰለቱ መጤውን አረም እየቆራረጠ ለጎጆ የሚሆን ክፍት ጭቃ ያወጣል። ለሹፌሮቹ ልምምድ ነው፣ ለወፎቹ ቤት ነው።

የሞካፑ ሌላው ታሪክ ግን ልብ ይሰብራል። የአሸዋ ክምሩ ከጥንት ጀምሮ የመቃብር ቦታ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ የአየር ማረፊያው ሲሠራ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አጽም ወጣ። በቁፋሮ የወጣው ሆኖሉሉ የሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም ገባ። ከነአጥንቱ ለግንባታ የዋለ አሸዋም ነበር። ሃዋይውያን የአባቶቻቸው አጥንት ውስጥ ኃይል አለ ብለው ያምናሉ፤ አጥንቱ መሬት ውስጥ ካልሆነ ቤተሰቡም ሰላም የለውም። የመቃብር አጽምና ንዋያት ለዘሮቻቸው እንዲመለሱ የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1990 ነው። ሃምሳ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው። አጽም መሳቢያ ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ሃምሳ ዓመት ሲቀመጥ «ቅርሱ ተጠብቋል» ማለት ይከብደኛል።

ረቡዕ፣ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቡና ጋበዙኝና ስለ ካሆኦላዌ አጫወቱኝ። የሃዋይን ጉዳይ ለመረዳት ከዚያች ደሴት መጀመር አለብህ አሉ። ልክ ናቸው።

ካሆኦላዌ ሰው አልባ ትንሽ ደሴት ናት። ጦሩ ከ1941 ጀምሮ የቦምብ መለማመጃ አደረጋት። በጥር 1976 ጥቂት ወጣቶች በጀልባ ገብተው «ይቁም» አሉ። እንቅስቃሴው የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ በ1977 ጆርጅ ሄልምና ኪሞ ሚቸል ባሕር ላይ ጠፍተው ቀሩ። በ1980 በፍርድ ቤት ስምምነት ባሕር ኃይሉ ሃዋይውያኑን ማስገባትና ቅርሶቹን ማጥናት ግድ ሆነበት። በ1981 ደሴቲቱ በሙሉ በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ገባች። ቦምቡ ግን ቀጠለ። እንግዲህ መዝገብ ላይ መስፈር ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ከዚህ ማየት ይቻላል። የቆመው በ1990 ነው። ደሴቲቱ በ1994 ለሃዋይ ግዛት ተመለሰች።

መምህሩ ሕጉንም አብራሩልኝ። በ1966 የወጣው የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ ሕግ ማንኛውም የፌደራል መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቅርስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠና ያዛል። ቦታው ትርጉም የሚሰጣቸውን የአገሬውን ሰዎችም ማማከር አለበት። ሕጉ ጠይቅ ይላል እንጂ እሺ በል አይልም። ጠይቆ፣ መልሱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ፣ ያሰበውን መሥራት ይችላል። ሃዋይውያን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በዋናው የአሜሪካ ምድር ያሉት ነባር ሕዝቦች በፌደራል መንግሥቱ የታወቀ የራሳቸው አስተዳደር ስላላቸው መንግሥት ከመንግሥት ጋር ይነጋገራሉ። የሃዋይ ነገሥታት መንግሥት በ1893 ከተገለበጠ ወዲህ እንዲህ ያለ እውቅና የለም። ስለዚህ ጦሩ የሚያነጋግረው ማኅበራትን ነው። ማኅበራቱ ብዙ ናቸው፣ ሁሌም አይስማሙም። መምህሩ እንዳሉኝ «ማንን ልጠይቅ?» ማለት አንዳንዴ ላለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል።

አርብ፣ ወደ ምዕራብ

መኪና ተከራይቼ ወደ ዋያናኤ ነዳሁ። የደሴቲቱ ደረቅ ወገን ነው። ቱሪስት እየሳሳ፣ ተራራው እየቀረበ ይሄዳል። የአገሬው ሃዋይውያን በብዛት የሚኖሩት እዚህ ነው፤ ድህነቱም ጎልቶ ይታያል። መንገድ ዳር በድንኳን የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በገዛ አገራቸው መሬት ያጡ ሰዎች ከጦሩ አጥር ማዶ ሸራ ወጥረው ሲኖሩ ማየት ያማል።

ወደ መጨረሻው ካኔአና የተባለው ትልቅ ዋሻ አፉን ከፍቶ በስተቀኝ ይታያል። ከእሱ አለፍ ሲል ተራራው ገለል ይልና ሸለቆው ይመጣል። ማኩአ ነው። በግራ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር፣ በቀኝ የሽቦ አጥርና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ። ባሕሩ ላይ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ አየሁ፤ ወቅታቸው ነው። ነገ ጠዋት በሩ ይከፈታል።

ቅዳሜ፣ ማኩአ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በር ላይ ተሰበሰብን። አያቶች፣ ተማሪዎች፣ አንድ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ያዘለች እናት። ስማችንን ጻፍን፣ ለሚደርስብን ነገር ኃላፊነቱን ራሳችን እንደምንወስድ ፈረምን። ከዚያ የጦሩ ሰው ማብራሪያ ሰጠ። ከተመነጠረው መንገድ አትውጡ። ብረት ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ቁሙ፣ ተጣሩ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ አለ።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሸለቆው ከ4,000 ኤከር በላይ ነው፤ በእኛ ወደ 1,700 ሄክታር። ሰው ይኖርበት ነበር። ያርሱ ነበር፣ ከብት ነበራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። ከፐርል ሃርበር ጥቃት በኋላ፣ በ1942፣ ጦሩ ነዋሪዎቹን አስወጣ። ጦርነቱ ባለቀ በስድስት ወር ይመለሳል ተባለ። አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ዒላማ ተደርጎ ተመታ። በ1964 ግዛቱ የራሱን ድርሻ ለ65 ዓመት ለጦሩ አከራየ። ኪራዩ ስንት ይመስላችኋል? አንድ ዶላር። በዓመት እንዳይመስላችሁ፤ ለጠቅላላው 65 ዓመት ነው።

በ1998 ማላማ ማኩአ የተባለው የአካባቢው ማኅበር ኧርዝጀስቲስ በሚባሉ ጠበቆች አማካይነት ክስ መሠረተ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ተኩሱ ምን እንደሚያጠፋ አጥንታችኋል ወይ? በጥቅምት 2001 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጦሩ ሙሉ ጥናት ያደርጋል፣ ያልፈነዳውን ያጸዳል፣ ሰዎቹንም በወር ሁለት ጊዜ ያስገባል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ አዳር ይፈቀዳል። ጥናቱ በጊዜው ስላላለቀ ከ2004 ወዲህ እዚህ የተኩስ ልምምድ የለም። ከዚያ በኋላ የቀረበውንም ጥናት ፍርድ ቤቱ በቂ አይደለም አለ፤ ከመሬት በታች ያሉት ቅርሶችና ሰዎቹ የሚበሉት የባሕር ምግብ በደንብ አልታየም ብሎ። በ2023 መጨረሻ ጦሩ ማኩአ ላይ ከእንግዲህ ወዲያ በእውነተኛ ጥይት እንደማይለማመድ ተስማማ። ከስምምነቱ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ነገር ነው። እኔ ዛሬ በእግሬ የገባሁት እነሱ በከፈሉት ዋጋ ነው።

በሩ ተከፈተ። የጦሩ ሰዎች ፈቅደዋል፣ ወረቀቱ አልቋል። ሰዎቹ ግን ወዲያው አልገቡም። ተሰልፈው ቆመው ሸለቆውን በዜማ አስፈቀዱ። ልጆቹ ቃሉን በቃላቸው ያውቁታል። የጦሩ ባለሙያዎችም ቆባቸውን አውልቀው ቆመው ጠበቁ። የቦምብ ባለሙያው ለመንገዱ፣ አያትየዋ ለዜማው፤ ሁለቱም ባይኖሩ ማንም አይገባም።

ወደ ውስጥ ስንሄድ ሣሩ ከቁመቴ በላይ ነው። ይህም መጤ ሣር ነው፤ ሲደርቅ እሳት የሚፈልግ። በ2003 ጦሩ ሣሩን ለመቀነስ ብሎ የለኮሰው እሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ከ2,000 ኤከር በላይ፣ የሸለቆውን ግማሽ ያህል፣ በላው። የሚያሳዝነው ሸለቆው በሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ብዙ ዕፅዋት መኖሪያ መሆኑ ነው። ዛሬ ጦሩ የቀጠራቸው የዕፅዋት ባለሙያዎች ተራራው ላይ አጥር አጥረው እያንዳንዷን ተክል ይከታተላሉ። ሥራቸው የምር ነው፤ ይህን አለመናገር ተገቢ አይሆንም።

የሰዎቹ የጸሎት መድረክ ድንጋይ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከወገብ አይበልጥም። አዲስ ነው። ሎኖ ለሚባለው የዝናብና የመከር አምላክ የሚያከብሩት የማካሂኪ በዓል ከ2001 ወዲህ እዚህ ሲከበር በየዓመቱ ስጦታ ይቀመጥበታል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወቅት ነው። ድሮ በማካሂኪ ጊዜ ጦርነት ክልክል ነበር ሲሉኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ የዛገ ብረት ሣሩ ውስጥ ይታያል። ከጎኔ የነበሩት እናት በአረንጓዴ ቅጠል የጠቀለሉትን አሳዩኝ። ውስጡ ከጓሯቸው የቆረጡት የጣሮ (እኛ ጎደሬ የምንለው) ሥር ነው። ከነአፈሩ ነው ያመጡት፤ አላጠቡትም። ቅጠሉን አራት ጊዜ አጥፈው በራሱ ግንድ አሰሩትና በሁለት እጃቸው ድንጋዩ ላይ አኖሩት።

ሴትየዋ እናታቸው እዚህ ነው የተወለዱት። የቤታቸው ቦታ ገና ካልተጸዳው መሬት ውስጥ ነው። ድንበሩ ላይ ቆመው በእጃቸው አሳዩኝ፤ «ዛፉ ጋ» አሉ። ወደ ዛፉ መሄድ አይቻልም። ካርታ ላይ ያ ቦታ ምናልባት አንድ የተሰበረ የድንጋይ መሠረት ተብሎ ተመዝግቧል። እሳቸው ግን በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ እናታቸው የነገሯቸውን ሁሉ ያውቃሉ። ያንን ፎርም ላይ የሚጽፍ የለም። እሳቸው ካልገቡ፣ ልጃቸውም አብሯቸው ካልገባች፣ ድንጋዩ ቢቀር እንኳን ቤትነቱ ይጠፋል። መግቢያ ቀኑ ራሱ ትልቁ የቅርስ ጥበቃ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እሁድ፣ ከመመለሴ በፊት

የማኩአ ሊዝ በ2029 ያልቃል። ሰዎቹ አሁን የሚያወሩት ስለ ማጽዳት ነው። ካሆኦላዌን ለማጽዳት 400 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ሥራው በ2004 ሲጠናቀቅ ከደሴቲቱ ገጽ አንድ አራተኛው ሳይነካ ነው የቀረው። ዛሬም እዚያ በአጃቢ ነው የሚኬደው። ማኩአ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ከወዲሁ አጥብቀው መያዛቸው ልክ ነው። የትኛው ቦታ ቀድሞ ይጽዳ የሚለውንም እነሱ ናቸው መወሰን ያለባቸው፤ ቤቱ የት እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ሃዋይ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ጠዋት ለዚህ ስጡ። ማላማ ማኩአ የመግቢያ ቀኖቹን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ መመዝገብ ያስፈልጋል። ዝግ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ በብዛት ያዙ፣ ጥላ የለም። ሲዘመር ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ድንጋይ ይዛችሁ እንዳትወጡ።